ያሪስ፣ አምስት ሰውና ግማሽ ኩንታል ሽንኩርት

ቶዮታ ያሪሷን ከገዛኋት ስምንት ወር አለፈ። እስካሁን ስለ እሷ ያልጻፍኩት የምጽፈው ነገር ስላጣሁ ነው። ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት፣ ያውም ብቻዬን። ከመገናኛ ቦሌ በመብራትና በመጨናነቅ መሃል እየተንፏቀቀ የሚሄድ ሰው ስለ መኪናው ምን ያውቃል? ሬዲዮው እንደሚሠራ ያውቃል። ባለፈው ቅዳሜ ግን አዳማ ክርስትና ተጠራንና መላው ቤተሰብ ተጫነባት። መኪናዋን ያወቅኳት ያኔ ነው።

መቼም «ለቤተሰብ የምትሆን ርካሽ መኪና» ስል የምትስቁ አላችሁ። ሳቁ፣ መብታችሁ ነው። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ ያሪስ ያለው ሰው መሬት እንዳለው ሰው መራመድ ጀምሯል። የሸጠልኝ ደላላም ስለ ሞተሯ አንድ ቃል ሳይተነፍስ «ይቺን ገዝተህ ብታቆማት ራሱ አትከስርም» ነበር ያለኝ። እኔ ደግሞ ልነዳት ነበር የፈለግኩት።

የ2008 ስሪት ነች፣ በፈረንጆቹ። አጭሯ ሳትሆን ከኋላ ዕቃ መጫኛ ያላት ሰዳኗ። ጃፓን ቤልታ ይሏታል፣ ታይላንድና ፊሊፒንስ ቪዮስ፣ ዐረብ አገርና እኛ ጋ ያሪስ። ሞተሯ 1.3 ሊትር ነው፣ ማርሿ ባለ አራት አውቶማቲክ፣ ጉልበቷ 85 ፈረስ ግድም። ይህ ወረቀት ላይ ያለው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው፤ አየሩ ሳሳ ይላል፣ ተጨማሪ አየር የሚነፋለት ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ያህል ይቀነስበታል። ስለዚህ ከ85ቱ ፈረሶች ሃያ ያህሉ ገና ከግቢ ሳንወጣ የሉም ማለት ነው።

ጠዋት ስንጭን ባለቤቴና ሁለቱ ልጆች ከኋላ፣ እማዬ ጋቢና። ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አንድ ትልቅ ድፎ ዳቦ፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ጠላ፣ የልጆቹ ቦርሳ፣ እማዬ ለምን እንደያዘችው እስካሁን ያልነገረችን አንድ ድስት። ሁሉም ገባ። እውነቴን ነው፣ ገረመኝ። የኋላው ወለል መሃሉ ላይ ጉብታ የለውም ለማለት ይቻላል፣ ስለዚህ መሃል የተቀመጠው ትንሹ ልጄ እግሩን የሚያደርግበት አጥቶ አላለቀሰም። በሌላ ምክንያት ነው ያለቀሰው።

በቱሉ ዲምቱ ፈጣን መንገዱ ውስጥ ገባን። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አብዛኛው ወደ ታች፣ ከፍተኛው ፍጥነት 120። ያሪስ የነዳ እንደሚያውቀው የፍጥነት ሰዓቷ ከመሪው ኋላ አይደለም፣ ዳሽቦርዱ መሃል ላይ ነው። ይህን ያሰበ መሐንዲስ እናቱን ጋቢና አስቀምጦ አያውቅም። እማዬ መነጽሯን አደረገችና እስከ አዳማ ድረስ ከመርፌው ላይ ዐይኗን አልነቀለችም። «ዘጠና።» «ዘጠና አምስት።» «ልጄ፣ መቶ ገባህ እኮ፣ ክርስትናው አይሸሽም።»

መቶ ስገባ ግን እማዬን ያሸነፈ ሌላ ነገር መጣ። መሪው እጄ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ስምንት ወር ሙሉ ከተማ ውስጥ ከ60 በላይ ስላልነዳኋት አንድም ቀን አላየሁትም። 90 ስል ይተወኛል፣ 100 ስገባ ይመለሳል። ደግሞ ከጉዞው በፊት ጎማዋን አሠርቼ፣ «ባላንሱ ተስተካክሏል» ተብዬ ከፍዬ ነበር የወጣሁት። የትኛው ጎሚስታ እንደሆነ አልናገርም፣ ሰፈሬ ነው፣ ነገም እሱ ጋ ነው የምሄደው። አዳማ ውስጥ ሌላው ጋ ስወስደው የፊት ቀኝ ቸርኬ ላይ ባላንሱን የሚያስተካክለው የእርሳስ ክብደት ጭራሽ የለም። በደቂቃዎች ጨረሰው፣ ንቅንቅም አላለ።

ንዝረቱ ሲወገድ መኪናዋን በደንብ ሰማኋት። መሪዋ በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ስለሆነ ከተማ ውስጥ በአንድ ጣት ይዞራል፣ ጠባብ መንገድ ላይ ማዞርና ማቆም ጨዋታ ነው። ረጅም መንገድ ላይ ያው ቅለት አይመችም፤ ሜዳው ላይ የጎን ነፋስ ሲመታን ወይም ትልቅ አውቶቡስ ሲያልፈን ገፋ ታደርገናለች፣ መሪው ደግሞ ምንም አይነግረኝም። ከ100 በላይ የጎማው ድምፅ እንደ ወፍጮ ቤት ነው፣ ከኋላ ያለው ሰው ሲያወራ «እ?» ማለት ግድ ይላል። ፍሬኗ ከፊት ዲስክ ከኋላ ከበሮ ነው፣ ሙሉ ጭነት ይዛም ቁልቁለቱ ላይ አላሳፈረችኝም። ብቻ ቀደም ብሎ መያዝ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ክርስትናው አለቀ፣ ጠላው ተጠጣ፣ ድፎው ተበላ፣ ቀለል ብለን እንመለሳለን ስል እማዬ አዳማ ገበያ ሽንኩርት ርካሽ መሆኑን ሰማች። ግማሽ ኩንታል። «አዲስ አበባ ስንት እንደሆነ ታውቃለህ?» አለችኝ፣ እኔም አውቃለሁና ዝም አልኩ። መኪናዋ ባዶዋን አንድ ቶን ገደማ ነች። እኛ ከነሽንኩርቱ ከ300 ኪሎ አናንስም። ከአዳማ አዲስ አበባ ደግሞ ሽቅብ ከ600 ሜትር በላይ መውጣት አለ፣ በወጣን ቁጥር ሞተሯ እየደከመች።

ዳገቱ ላይ ማርሹ ግራ ገባው። አራተኛ ይገባል፣ አቅም ያጣል፣ ወደ ሦስተኛ ይወርዳል፣ ይጮኻል፣ መልሶ አራተኛ ይገባል። በመጨረሻ ራሴ ሦስተኛ ላይ ያዝኳት። ድምፁ ቢያሰለችም እረፍት አገኘች፣ 80 ላይ ጸንታ ወጣች። ቤንዚን አብዝቼ ስረግጥ ጩኸቱ ይጨምራል እንጂ ፍጥነቱ አይጨምርም። ያኔ ነው አይሱዙ ያለፈኝ፣ ያ ድሮ «አልቃይዳ» እያልን የምንጠራው፣ ያውም ጭነት ይዞ። ትልቁ ልጄ በመስኮት እያየ «አባዬ፣ እሱ ለምን አለፈን?» አለኝ። ሹፌሩ እኛ ላይ የተጫነውን ሽንኩርት አላየም ልለው ፈልጌ ነበር፣ ግን እሱም የጫነው ሽንኩርት ነበር።

ሌላም የሚያስጨንቅ ነገር አለ። ያሪሴ የሙቀት መርፌ የላትም። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ መብራት፣ ሲግል ቀይ። በመሃል ያለውን አትነግርህም። ስለዚህ ዳገቱን ሁሉ ያልበራ መብራት እየፈለግኩ ነዳሁ። አልበራም።

ከፈጣን መንገዱ ወጥተን ሰፈር ስንደርስ የመጀመሪያው ስፒድ ብሬከር ላይ ሆዷ ጠረገ። ከመሬት ከፍታዋ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፣ የኋላው ሞላ ደግሞ በሽንኩርቱ ቁጭ ብሏል። ሁለተኛው ላይ ባለቤቴንና ልጆቹን አወረድኳቸው፣ በእግራቸው ተሻገሩ። እማዬ አልወርድም አለች። «ሽንኩርቱን አውርደው» አለች እንጂ።

ነዳጁን አስልቼው በሊትር 15 ኪሎ ሜትር ወጣልኝ፣ ከተማ ውስጥ ከ10 አልፎልኝ አያውቅም። ያን ሁሉ ተሸክማ ይህን መስጠቷን ሳይ በአይሱዙው የተቆጣሁት በረደልኝ። እንደ እኔ አምስት የሆነ ቤተሰብ ይቺን ይግዛ ወይ ብትሉኝ አዎ እላለሁ። ግን ለመሞከር ስትሄዱ ደላላውን ብቻ ጭናችሁ አትዙሩ። አራት ሰው ሙሉና ዳገት ፈልጉ፣ ከተቻለም 100 ኪሎ ሜትር የሚያስነዳ መንገድ።

ሰኞ ጠዋት ብቻዬን ወደ ሥራ ስወጣ የሌላ ሰው መኪና የያዝኩ መሰለኝ፣ ትንሽ ስነካት ትበራለች። መገናኛ ጋ መብራት ያዘኝና ፍሬን ስረግጥ ከወንበሩ ስር አንድ ሽንኩርት ተንከባሎ መጥቶ እግሬ ስር ቆመ። ፔዳሉ ስር ሳይገባ አንስቼ ጋቢና አስቀመጥኩት።