“ጥቁሩን ነገር ዘጋሁት እኮ”

ስልኬ የጮኸው ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

“ወንድሜ፣ የማታው ሪፖርት አልመጣም” አለችኝ የመደብሩ ገንዘብ ያዥ።

“ስክሪኑ ላይ ምን ይላል እህቴ?”

“ጥቁሩን ነገር ነው? ዘጋሁት እኮ። ሳይዘጋ የተረሳ መስሎኝ።”

ፕሮግራሙን ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሌሊት ሌሊት የአራት ቅርንጫፎችን ሽያጭ እየሰበሰበ ለባለቤቱ በኢሜይል ይልካል። ሲጨርስ ጥቁሩ መስኮት ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ያደረግኩት ጠዋት መልእክቱን የሚያይ ሰው ይኖራል ብዬ ነበር። ሎጉ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሠራውን እየመዘገበ የሚጽፈው ማስታወሻ፣ የሚወጣው እዚያ መስኮት ላይ ብቻ ነው። እሷ ስትዘጋው አብሮ ጠፋ። የዚያን ሌሊት ችግር ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

የመጀመሪያ መላዬ የሰነፍ መላ ነበር። ላፕቶፔ ኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት) ስለሆነ፣ ጽሑፉን ወደ ስክሪንም ወደ ፋይልም የምትልከዋን “ቲ” (tee) የምትባል ትእዛዝ አስታወስኩ። የቧንቧ ሠራተኞች የሚያውቋት ቲ ናት፤ አንዱን ውሃ ወደ ሁለት ትከፍላለች። ስሟም የመጣው ከዚያው ነው። ሞከርኩት። ስክሪኑ ላይ ሁሉም ይታያል፣ ፋይሉ ግን 0 ባይት። ግማሽ ሰዓት ያህል ቲን ስረግም ቆየሁ። ጥፋቱ የሷ አልነበረም። ፕሮግራም ሁለት መውጫ አለው፤ አንዱ ለተለመደው ውጤት፣ ሌላው ለስህተት። የፓይተን ሎግ ካልነገሩት በስተቀር የሚወጣው በስህተቱ በኩል ነው። በቧንቧው የሚያልፈው ደግሞ የተለመደው ብቻ ነው። ሁለቱን መውጫዎች አንድ ላይ ማዞር ይቻላል፣ አዞርኩትም። ግን የመደብሩ ኮምፒውተር ዊንዶውስ ነው። ደግሞ ቲ ለሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ነገር ነው የምትሰጠው። እኔ የፈለግኩት ለገንዘብ ያዧ አጭር፣ ለራሴ ዝርዝር ነበር።

መፍትሔው ፓይተን ውስጥ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ከስሪት 2.3 ጀምሮ ማለት ነው፣ ተቀምጦልኛል። ሎገር የሚባለው መልእክቱን ይቀበላል፣ ሃንድለር የሚባሉት ወደሚሄድበት ያደርሱታል። አንድ ሎገር ላይ የፈለጉትን ያህል ሃንድለር መስቀል ይቻላል። እያንዳንዱ የራሱ ደረጃና የራሱ አጻጻፍ አለው። ደረጃው ቁጥር ነው፤ ከዚያ በታች የሆነ መልእክት አያልፍም። ስለዚህ አንዱን ወደ ስክሪን፣ አንዱን ወደ ፋይል አደረግኩ። ስክሪኑ “የመርካቶ ሽያጭ ተነቧል” ብቻ ይላል። ፋይሉ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የኮዱን መስመር ቁጥር ጨምሮ ይጽፋል።

ይጽፋል ብዬ ነበር እንጂ አልጻፈም። የፋይሉን ሃንድለር ዝርዝሩን ሁሉ በሚያሳልፈው ዲበግ ላይ፣ ማለትም 10 ላይ አድርጌዋለሁ። ፋይሉ ውስጥ የሚታየው ግን ማስጠንቀቂያና ስህተት ብቻ ነው። ነገሩ የግቢ በርና የቤት በር ነው። ሎገሩ ራሱ ደረጃ አለው፣ ካልቀየሩት ዋናው ሎገር ማስጠንቀቂያ ላይ፣ ማለትም 30 ላይ ነው የሚቆመው። ዘበኛው እንግዳውን ከግቢ በር ከመለሰው የቤቱን በር ወለል አድርጎ መክፈት ምን ይጠቅማል? ሎገሩን ወደ 10 አወረድኩና መለየቱን ለሃንድለሮቹ ተውኩት።

ቀጥሎ የመጣው ድግግሞሽ ነው፣ ይሄኛው በጣም አድክሞኛል። የመጀመሪያው ቅርንጫፍ መልእክት አንዴ ይጻፋል። የሁለተኛው ሁለቴ። የአራተኛው አራቴ! ሽያጩ ራሱ አራት ጊዜ የተደመረ መስሎኝ ክው አልኩ። ሂሳቡ ደህና ነበር። ሃንድለር የሚሰቅለውን የኮድ ክፍል (ፈንክሽን) ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ እንደገና እጠራው ነበር። በአንድ ስም ሎገር ሲጠየቅ ፓይተን አዲስ አይሠራም፣ ያንኑ የድሮውን ነው የሚመልሰው። በዚያው ሎገር ላይ ሃንድለር በሃንድለር ስደርብ ነው የከረምኩት። ያንን ካስተካከልኩ በኋላም አንድ ሞጁል (የፕሮግራሙ አንድ ፋይል) ብቻ ሁለት ሁለቴ ሲጽፍ አገኘሁት። ለሱ ለብቻው ሃንድለር ሰቅዬለት ነበር። የሞጁል ሎገር ደግሞ የዋናው ሎገር ልጅ ነው፤ የልጅ መልእክት ወደ ወላጁም ይወጣል። አሁን ሃንድለር የምሰቅለው ፕሮግራሙ ሲጀምር፣ ዋናው ሎገር ላይ፣ አንዴ ብቻ ነው። ሞጁሎቹ በስማቸው ሎገር ይጠይቃሉ፣ ሌላ ምንም አይነኩም።

ላፕቶፔ ላይ ሁሉም ሰላም ሆነ። መደብሩ ስወስደው የደንበኛ ስም ያለባቸው መስመሮች ከፋይሉ ጠፉ። ስሞቹ በአማርኛ ናቸዋ! ያ ዊንዶውስ ሳይነግሩት ፋይል ሲከፍት የሚጠቀመው የላቲን ፊደል ኮድ ነው፣ ግዕዝን አያውቅም። ፕሮግራሙ አይቆምም፣ ስክሪን ላይ ረጅም ማጉረምረም ያወጣና መስመሩን ጥሎ ያልፋል። የፋይሉ ሃንድለር ላይ ዩቲኤፍ 8 (ግዕዝንም የሚያውቀው የፊደል ኮድ) ብዬ ጻፍኩ፣ አለቀ። በአማርኛ የሚሠራ ሰው ይቺን ነገር ከመጀመሪያው ቀን ቢጽፋት ጥሩ ነው።

ፋይሉ እንዳያብጥ 1 ሚሊዮን ባይት ሲደርስ እንዲገለበጥ፣ ማለትም አሮጌው ተቀምጦ አዲስ ፋይል እንዲጀመር አደረግኩ፣ 5 የቆዩ ቅጂዎች ያስቀምጣል። የቅጂውን ቁጥር 0 ከተዉት ጭራሽ አይገለበጥም፤ ዝም ብሎ ያድጋል።

ከዚያ ጎበዝኩና ሦስተኛ መውጫ ጨመርኩ፤ ስህተት ሲኖር በኢሜይል ይንገረኝ ብዬ። አንድ ሌሊት አንድ ቅርንጫፍ የላከው ፋይል ተበላሽቶ ነበር። ለእያንዳንዱ ስህተት አንድ ኢሜይል ስለሚልክ ሳጥኔ ሞልቶ አደረ። በሌላ ሌሊት ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ እሱም “ኢንተርኔት የለም” የሚለውን በኢንተርኔት ሊልክልኝ ሲታገል ነጋ። ኢሜይሉን ክሪቲካል ለሚባለው ከባድ ስህተት ብቻ፣ ለደረጃ 50ው፣ ተውኩት።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ደወለች።

“ወንድሜ፣ ዛሬም አልመጣም። ጥቁሩን ነገርም ዘግቼዋለሁ፣ አትቆጣኝ።”

“ግድ የለም እህቴ። ‘ሎግ’ የሚል ፎልደር አለ፣ በቴሌግራም ላኪልኝ።”

የቃሊቲው ቅርንጫፍ ኮምፒውተር ሰዓቱ ወደ ኋላ ቀርቶ ኖሯል።