ፉርሽካው ሲንቀሳቀስ

ሱሉልታ ውስጥ የምሠራበት የዶሮ እርባታ ለመኖ የሚሆን የዱቄት ትል ያረባል። ትሉ የአንድ ጥቁር ጥንዚዛ እጭ ነው። ፉርሽካ ውስጥ ይኖራል፣ ያንኑ ፉርሽካ ይበላል። ሥራው አይከብድም፤ ክረምት እስኪገባ ነው።

ነሐሴ ላይ ሳፋዎቹን የሚጠብቀው ልጅ ጠራኝ። «ጋሼ፣ ፉርሽካው ራሱ እየተንቀሳቀሰ ነው!» እውነቱን ነበር። የሳፋው ጠርዝ ላይ ቡናማ አቧራ የመሰለ ነገር አለ፤ ትኩር ብለው ሲያዩት ይርመሰመሳል። የመዥገር ዘመዶች ናቸው፣ በዓይን በጭንቅ የሚታዩ። አየሩ ከ70 በመቶ በላይ ሲረጥብ በፍጥነት ይራባሉ።

የእርባታው ባለቤት ደንግጠው «ፍሊት ይረጭ!» አሉ።

«እትዬ፣ እባክዎ ይቅር። ፍሊቱ ጥንዚዛዎቹንም ይፈጃል።»

ፉርሽካውን ጨበጥ አደረግኩት። ተጣብቆ ቀረ። ደረቅ ቢሆን በጣቶቼ መሃል ይፈስ ነበር። ለካ ልጁ በየጠዋቱ ውሃ ይረጭበታል። የጥንዚዛ መኖሪያ ሁሌም እርጥብ መሆን አለበት ሲባል ቪዲዮ ላይ ሰምቷል። ምክሩ ውሸት አይደለም፤ ግን በበሰበሰ እንጨትና ቅጠል ውስጥ ለሚያድጉት ባለቀንድ ጥንዚዛዎች ነው። የእኛዎቹ ከእህል ጎተራ የመጡ ናቸው። ልጁን ማንም አልተቆጣውም፤ እንዲህ ተግቶ የሚሠራ ሰው ቁጣ አይገባውም።

ትሎቹንና ጥንዚዛዎቹን በወንፊት ለየን። እንቁላሎቹ ግን ፉርሽካው ላይ ተጣብቀዋል፤ ከተባዩ የሚለዩበት መንገድ የለም። በጣም ያሳዝናል፣ ቀበርነው። ሳፋዎቹን በፈላ ውሃ አጥበን አደረቅን። አዲሱን ፉርሽካ ምጣድ ላይ አመስ አድርገን አቀዘቀዝነው። ኦቨን ያለው ሰው 60 ዲግሪ ላይ ለአንድ ሰዓት ቢያቆየው ይበቃዋል። ጥንዚዛዎቹ ላይ ተለጥፈው የተሻገሩ ተባዮች ሊኖሩ ይችላሉ። ሆኖም ቆዳቸው ስስ ስለሆነ በደረቅ ፉርሽካ ውስጥ ብዙ አይቆዩም።

ውሃ ጨርሶ መንፈግም አያዋጣም። ትሎቹና ጥንዚዛዎቹ ሲጠማቸው ሙሽሬዎቹን፣ ማለትም ወደ ጥንዚዛ ለመለወጥ የተኙትን፣ ይበላሉ። ስለዚህ ካሮት በስሱ ቆርጠን፣ ላዩ ጠፈፍ ሲል እንሰጣቸዋለን። በማግስቱ ሳይሻግት እናነሳዋለን፤ ከበሰበሰ ትንንሽ ዝንቦች ይጠራል። የመደርደሪያው እግሮችም ሳሙና ውሃ በያዘ ጣሳ ውስጥ ቆመዋል፤ ጉንዳን አይወጣም።

ተባይ ካለ ካሮቱ ሥር ይሰበሰባል። ልጁ አሁን ካሮቱን ባነሳ ቁጥር ሥሩን በባትሪ ያያል። በቅርቡ አንድ ሳፋ ላይ ጥቂት አግኝቶ፣ እኔ ከመድረሴ በፊት ሳፋውን ከሌሎቹ ለይቶ ጠበቀኝ።