ከመሣሪያ ዝርዝር በፊት ጥያቄው፦ በአቶሚክ ኤጀንሲው የቴክኒክ ትብብር የከርሰ ምድር ውኃ ፕሮጀክት እንዴት እንደመራሁ

ለዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ የሚቀርብ የከርሰ ምድር ውኃ ፕሮጀክት እንዳዘጋጅና እንድመራ ስመደብ፣ አስቀድሞ እጄ የገባው ሰነድ የሚገዙ መሣሪያዎች ዝርዝር ነበር። ኒውክሌር ሲባል የኃይል ማመንጫ ብቻ ለሚታየው ሰው ይህ ሥራ እንግዳ ሊመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1957 የተቋቋመው ኤጀንሲ በመተዳደሪያ ደንቡ የተጣለበት ኃላፊነት የአቶሚክ ኃይል ለሰላም፣ ለጤናና ለብልጽግና የሚሰጠውን አስተዋጽኦ ማፋጠንና ማስፋት ነው፤ ታዳጊ አገሮች ኤጀንሲው በመሣሪያ፣ በሥልጠናና በባለሙያ ከሚደግፍበት የቴክኒክ ትብብር በብዛት የሚጠቀሙትም በካንሰር ሕክምና፣ በእርሻ፣ በውኃና በጨረር ደኅንነት ዘርፎች ነው።

ዝርዝሩን ወደ ጎን አድርጌ የጉድጓድ ፈቃድ የሚሰጡትን ባለሙያዎች ማነጋገር ጀመርኩ። ጥያቄያቸው ግልጽ ነበር፦ በየዓመቱ የምንስበው ውኃ በዝናብ የሚተካ ነው ወይስ ከጥንት የተጠራቀመውን እየጨረስን ነው? የውኃውን ከፍታ በመለካት ብቻ ይህን ለመለየት ረጅም ዓመታት ያስፈልጋሉ፤ አይሶቶፕ፣ ማለትም የአንድ ንጥረ ነገር በክብደት የሚለያዩ አቶሞች፣ ግን አቋራጭ ይሰጣል። የሃይድሮጅን ራዲዮአክቲቭ አይሶቶፕ የሆነው ትሪቲየም በ12.3 ዓመት ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ትሪቲየም የማይገኝበት ውኃ መሬት ውስጥ ከገባ አሥርት ዓመታት አልፈውታል ማለት ነው። በነገራችን ላይ፣ በዝናብ ውስጥ ያለው ትሪቲየም እ.ኤ.አ. በ1963 ከምንጊዜውም በላይ ያሻቀበው በከባቢ አየር በተደረጉ የኑክሌር ቦምብ ሙከራዎች ምክንያት ነው፤ የውኃ ባለሙያዎች ያንን የጥፋት ርዝራዥ ለዓመታት የውኃ ዕድሜ መለያ አድርገው ተጠቅመውበታል። ከባዶቹ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን አይሶቶፖች ኦክስጅን 18 እና ዲዩቴሪየም ደግሞ ውኃው ከየትኛው ከፍታ እንደዘነበና ከመስረጉ በፊት ተንኖ እንደነበር ይጠቁማሉ።

የቴክኒክ ትብብር መርሐ ግብሩ በሁለት ዓመት ዑደት የሚሄድ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሐሳብ አገሪቱ ከኤጀንሲው ጋር ከተፈራረመችው የትብብር ማዕቀፍ ጋር መጣጣም አለበት፤ የሚያልፈውም በብሔራዊ አገናኝ ኃላፊው በኩል ነው። ገምጋሚዎቹ ደጋግመው የጠየቁን «ውጤቱን ማን ይጠቀምበታል?» የሚለውን ነበር። በዚህ ምክንያት ላቦራቶሪውን ሳይሆን ፈቃድ ሰጪውን ክፍል ዋና ተጠቃሚ አድርገን፣ ውጤቱ በደረሰ ጊዜ የፈቃድ መመሪያውን እንደሚከልስ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥልን አደረግን። በፕሮጀክት ሰነዱ ካለው የዓላማና የአመልካች ሠንጠረዥ ሁሉ ይህ አንድ ደብዳቤ የበለጠ ሠርቷል ብዬ አምናለሁ።

ገንዘቡን በተመለከተ ብዙዎች ትብብሩ ሙሉ በሙሉ ስጦታ ይመስላቸዋል። ተቀባይ አገር ከብሔራዊ መርሐ ግብሩ 5 በመቶ የተሳትፎ ክፍያ መክፈል ያለበት ሲሆን፣ ሥራው እንዲጀመር ቢያንስ ግማሹ አስቀድሞ መግባት አለበት። ከዚያም የጉምሩክ ሥርዓት፣ የመኪና ነዳጅ፣ የመብራትና የመለዋወጫ ወጪ በአገር ውስጥ በጀት ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ሰነዱ ወደ ኤጀንሲው ዋና መሥሪያ ቤት ቪየና ከመላኩ በፊት ከፋይናንስ ክፍል ጋር ተቀምጠን የበጀት ርዕስ አስከፈትን፤ የቀረጥ ነፃ ደብዳቤውም ዕቃው ከመጫኑ በፊት እንዲወጣ ግፊት አደረግን።

በሥልጠናው ላይ ጠንካራ አቋም ይዤ ነበር። ወደ ውጭ የሚሄዱት መሣሪያውን በየቀኑ የሚያንቀሳቅሱት ቴክኒሻኖች እንጂ አለቆቻቸው እንዳይሆኑ ተከራከርኩ፤ አንዱ ሥራ ቢለቅ ዕውቀቱ አብሮ እንዳይሄድም ጥንድ ጥንድ አድርገን ላክናቸው። የሥልጠናው ጊዜ ትሪቲየም የሚለካበት የጨረር መለኪያ ክፍል ዝግጁ ከሚሆንበትና ኦክስጅን 18 እና ዲዩቴሪየም የሚለካው የሌዘር መሣሪያ ከሚገባበት ጊዜ ጋር እንዲገጥም ማድረጉ ከሁሉም አስቸጋሪው ነበር፤ ሠልጥኖ ያለ መሣሪያ የሚቀመጥ ሰው የተማረውን ይረሳልና።

ጥሩ መሣሪያ መጥፎ ናሙናን አያድንም። ከጉድጓድ ናሙና ስንወስድ ፓምፑ እየሠራ የውኃው ሙቀትና የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት እስኪረጋ እንጠብቃለን፤ ከማጠራቀሚያ ታንከር የተቀዳ ውኃ ተንኖ ሊሆን ስለሚችል አይወሰድም። ለኦክስጅን 18 የምንጠቀመው ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ አፉ ድረስ ሞልቶ ከተዘጋ በኋላ ይገለበጣል፤ ጎኑ በጣት መታ መታ ተደርጎ አንዲት የአየር አረፋ ብቅ ካለች ተከፍቶ እንደገና ይሞላል። ክዳኑ ላልቶ ጥቂት እንኳ ከተነነ ቀላሉ አይሶቶፕ ቀድሞ ስለሚወጣ፣ የቀረው ውኃ ከሌላ ቦታ የመጣ ይመስላል። የዝናብ ናሙና በየወሩ የሚሰበሰብበት ዕቃም ትነትን የሚከላከል መሆን አለበት። የዝናቡን ውጤት የምናነጻጽረው ኤጀንሲው ከዓለም ሜትዮሮሎጂ ድርጅት ጋር እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ካሰባሰበው መረጃ ጋር ስለሆነ፣ ልኬታችን በላቦራቶሪዎች የንጽጽር ፈተና ማለፉን ሳናረጋግጥ ቁጥር አላወጣንም።

ውጤቱ ሲመጣ ባጠናነው ሸለቆ ዳር ያሉት ጉድጓዶች የቅርብ ዝናብ አሻራ ነበራቸው፤ በመሐል ያሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ግን ትሪቲየም አልተገኘባቸውም። ፈቃድ ሰጪው ክፍልም በደብዳቤው መሠረት በመሐሉ አካባቢ አዲስ ጥልቅ ጉድጓድ መፍቀድ አቁሞ በየጉድጓዱ የውኃ ከፍታ መለኪያ እንዲተከል አዘዘ።

ትሪቲየም የሌለው ውኃ ስንት ዓመት እንዳስቆጠረ ለማወቅ ግማሽ ዕድሜው 5,730 ዓመት ገደማ የሆነው ካርቦን 14 ያስፈልጋል። ለዚህ የሚሆን ላቦራቶሪ መገንባት ለእኛ የናሙና ብዛት አዋጪ አልመሰለኝም። በመሆኑም ለቀጣዩ ዑደት ያቀረብነው ሐሳብ የመሣሪያ ግዥ የለበትም፤ የካርቦን ናሙናዎቻችን በጎረቤት አገር ላቦራቶሪ እንዲለኩ፣ እኛም በምላሹ የእነሱን የኦክስጅን 18 ናሙናዎች እንድንለካና ቴክኒሻኖቻቸውን እንድናሠለጥን የሚጠይቅ ነው።