ስድስት ወር ያለ «አሰበ»፦ የቻክ ፖላኒክ እገዳ በአማርኛ ሲሞከር

የ«ፋይት ክለብ» ልቦለድ ደራሲ ቻክ ፖላኒክ በ2013 (እ.ኤ.አ.) ለጀማሪ ጸሐፊዎች ያዘዘው የስድስት ወር ጾም ለእኔ ዛሬ ሞላ። «አሰበ»፣ «አወቀ»፣ «ተረዳ»፣ «ፈለገ»፣ «አስታወሰ» አይጻፉም፤ በምትካቸው የሚታይ፣ የሚሰማ፣ የሚሸት ነገር ይገባል።

ሌላው ልማዱ ብዙም አላስቸገረም። አንድ ሐረግ እየደጋገሙ በእሱ ከትዕይንት ወደ ትዕይንት መሻገር (በ«ፋይት ክለብ» የሚደጋገሙት የክለቡ ደንቦች ሥራ ይኸው ነው) አዝማች ለለመደ ጆሮ አዲስ አይደለም።

ፈተናው ግሱ ነው። «ባሏ እንደማይመጣ አወቀች» የሚለው እንዲህ ይሆናል፦ «የከደነችለትን ሰሃን ገለጠች። እንጀራው ዳር ዳሩን ደርቋል። ቆማ በላችውና በሩን ቀረቀረች።» እስከዚህ ደህና። አማርኛ ግን ሐሳብ የሚደብቅበት ጓዳ ብዙ ነው። ዋናው «ብሎ» ነው። «ይመጣል ብላ በሩን ሳትቀረቅር ተኛች» ውስጥ የታገደ ግስ የለም፤ ማሰቧ ግን «ብላ» ውስጥ ተሸሽጓል። «በሩን ሳትቀረቅር ተኛች» ብቻውን ይበቃል። ከዚያ «መሰላት»፣ «ከፋት»፣ «ጨነቃት» ይመጣሉ። «ሆዷ ባባ»ና «አንጀቷ ተላወሰ» ደግሞ የባሱ አታላዮች ናቸው፦ ሰውነት ይመስላሉ እንጂ የስሜት ስሞች ናቸው።

በኮምፒውተር ፍለጋ አትመኩ። «አሰበ» ተብሎ ሲፈለግ «ያስባል»ም «ስታስብ»ም አይገኙም፤ ፊደሉ ይለወጣላ! «ስብ» ቢባል ስብሰባው ሁሉ ይግተለተላል። አምስት አምስት ገጽ አትሙ። በመጀመሪያው ዙር ከአራት ነጥብ በፊት ያለውን ቃል ብቻ በቀይ አክብቡ፤ ማሰሪያ አንቀጹ እዚያ ነው። በሁለተኛው «ብሎ»፣ «ብላ»፣ «ብለው»ን ከመሃል ልቀሙ። ሁለቱን ባንድ ዙር የሚሠራ ሰው «ብላ» ታመልጠዋለች።

ፖላኒክ «ነው»ንና «አለው»ንም ቀንሱ ማለቱ ግን ለእኛ አይሠራም። «ትመጣለች» ውስጥ እንኳ «አለች» አለች። ከንግግርም ላይ «ይመስለኛል»ን መንቀል ገጸ ባሕርያቱን ለፖሊስ ቃል የሚሰጡ ያስመስላቸዋል።

ያልተሸነፈው «ትዝ አላት» ነው። በዕቃ ወይም በጠረን ሲተካ አንዱ ዓረፍተ ነገር ግማሽ ገጽ ይሆናል፤ በ1,000 ቃል ታሪክ ውስጥ ሦስቴ ከተደረገ ቦታው አለቀ። ለጊዜው አንዱ ይተካል፣ ሁለቱ ይሰረዛሉ።