አውድማው ጋ ነኝ

ስልኬ ሲጠራና «እቃ ይዤ መጥቻለሁ፣ የት ልምጣ?» የሚል የዴሊቨሪ ልጅ ድምፅ ስሰማ መልሴን በቃሌ አነበንበዋለሁ። «ከቃሊቲ በኩል ና፣ የፈጣን መንገዱ ክፍያ ጣቢያ ሳትደርስ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ታጠፍ፣ ከዚያ ብሎክ ቁጥሩን እያየህ ግባ።» ልጁ ግን ሦስት ጊዜ መደወሉ አይቀርም። ቱሉ ዲምቱ ውስጥ ሕንፃው አንድ ዓይነት፣ ቀለሙ አንድ ዓይነት፣ በረንዳ ላይ የተሰጣው ብርድ ልብስ ሳይቀር አንድ ዓይነት ነው። እኔ ራሴ መብራት በጠፋበት ማታ የሰው ደረጃ ወጥቼ የሰው በር ከቁልፌ ጋር ስታገል ተይዣለሁ። ከውስጥ «ማነው?» ስባል «እኔ ነኝ» አልኩ፣ ቤቱ የእኔ እንደሆነ ሁሉ። ደግነቱ ሴትዮዋ ሳቀች።

አዴ ግን አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። ሰፈሩ በሙሉ የሚጠራቸው «አዴ» እያለ ነው፤ በኦሮምኛ ትልቅ ሴት የምትከበርበት መጠሪያ ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ሲሆን ወተቱን በሃይላንድ ሞልተው አራተኛ ፎቅ ድረስ ይወጣሉ። «እኔ ልውረድ፣ ለምን ይደክማሉ» ብላቸው «እግሬ ሥራውን እንዳይረሳ ነው» ብለው ዘጉኝ። ሲዘገዩብኝ እደውላለሁ። «የት ደረሱ አዴ?» መልሳቸው ሁሌም ያው ነው፤ «አውድማው ጋ ነኝ።»

አውድማው ከኮንዶሚኒየሙ ውጪ፣ ማዶ ካለው እርሻ አጠገብ የሆነ ቦታ ይመስለኝ ነበር። አንድ ጠዋት ስልኩን እንደያዝኩ የኩሽናውን መስኮት ከፈትኩ። አዴ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ከብሎካችን ጀርባ ካለው መኪና ማቆሚያ መሀል፣ ከአንዲት ነጭ ቪትዝ አጠገብ ቆመዋል። ላይ ሆኜ እያየኋቸው በጆሮዬ ደግሞ «አውድማው ጋ ነኝ» ይሉኛል።

የእኔ ታሪክ የብዙ አዲስ አበቤ ታሪክ ነው። ለኮንዶሚኒየም የተመዘገብኩት በ1997 ነው፣ ካዛንቺስ በቀበሌ ቤት ከእናቴ ጋር ስኖር። ዕጣው እስኪወጣልኝ 11 ዓመት ጠበቅኩ። ሃያ በመቶውን ከፍዬ፣ ሰማንያውን ከባንክ ተበድሬ፣ ባለ አንድ መኝታ ደረሰኝ። የገባሁት በ2010 ነው። ቤቱ በር ነበረው፣ መስኮት ነበረው፣ ሌላው ሁሉ የእኔ ጣጣ ነበር። እናቴ በረንዳው ላይ ቆማ ማዶውን አየችና «ገጠር ወሰዱሽ በይኛ» አለች። እውነቷን ነው። ከብሎኮቹ አልፎ እስከ አድማስ ጤፍ ነበር። ሌሊት ጅብ ይጮሃል፤ ዛሬም አልፎ አልፎ ይሰማል።

የማላውቀው ነገር ቢኖር ገጠሩ ከእግሬ ሥር መሆኑን ነው። ከእኛ በፊት «ባዶ ሜዳ» ነበር ሲባል እየሰማሁ፣ እኔም እያልኩ ኖሬያለሁ። አዴን ስለ መኪና ማቆሚያው ከጠየቅኳቸው በኋላ ግን ሜዳው መሙላት ጀመረ። ጎረቤቴ ጂም የከፈተበት ሱቅ የበሬዎች መዋያ ነበር። የመዋዕለ ሕፃናቱ አጥር ያለበት የባለቤታቸው ወንድም ግቢ። ኮሙናሉ፣ ማለትም እኛ በግ የምናርድበትና እንጀራ የምንጋግርበት የጋራ ቤት፣ የቆመው የሽምብራ ማሳ ላይ ነው። «ቱሉ ዲምቱ» ማለት ቀይ ኮረብታ ነው። «መሬቱ ጥቁር፣ ስሙ ቀይ፣ እንዴት ነው?» ስላቸው «ሁሉም ጥቁር በሆነበት አገር ቀይ ያለው አንዱ ነው ስም የሚወጣለት» አሉ።

ጥቁሩ አፈር መረሬ ነው። ክረምት ጫማ ይውጣል፣ በጋ ደግሞ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሕንፃ ሲሠራ ተቆፍሮ ይወጣና በምትኩ ሰሌክት የሚባለው የተመረጠ ሙሌት ይሞላል፤ ለመንገድና ለአጥር ግን እንዲህ የሚጠነቀቅ የለም። የግቢያችን ኮብልስቶን እንደ ባሕር ማዕበል ሠርቷል። የጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው ስንጥቅ በነሐሴ ይጠባል፣ በጥር ይሰፋል። የኮሚቴው ሊቀመንበር በየስብሰባው የተቋራጩን ሌብነት ያነሳል፤ ሌብነት የለም አልልም። አዴ ግን ስንጥቁን አይተው «መሬቱ እየተነፈሰ ነው» ነው ያሉት። ዝናቡ ሲያበቃ ሽምብራ የሚዘሩት በዚሁ አፈር ላይ ነው። ቀሪውን እርጥበት ይዞ ያለ ዝናብ የሚያበቅል አፈር ነው።

ስለ ካሳው የጠየቅኳቸው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ቀድሞ አፍ አልሰጠኝም። ያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ነው። ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ገቢ በአሥር ተባዝቶ ይከፈላል። የእኔ ምዝገባና የእሳቸው መሬት የሚተመንበት ሕግ የአንድ ዓመት ልጆች መሆናቸውን ያኔ ነው ያስተዋልኩት። በ2011 የወጣው አዋጅ 1161 ብዜቱን ወደ 15 ከፍ አድርጎታል፣ ለእሳቸው ግን ዘገየ። በገንዘቡ ልጆቻቸው ሁለት ባጃጅ ገዙ። አንዱ ዛሬም እኛን ያመላልሳል። የሌላው አጽም ግቢያቸው ውስጥ ቆሞ ዶሮ ይተኛበታል። የቀራቸው ሁለት ላምና ማዶ ያለች አንድ ጥማድ የማትሞላ መሬት ናት። ላሞቹ ፉርሽካ ይበላሉ፣ ከእኛ ኩሽና ደግሞ የድንችና የጎመን ልጣጭ። ወተቱን ስቀበል ልጣጬን በፌስታል አስረክባለሁ።

አሁን ስለ ድንኳኑ። ይሄን ሳልጽፍ ብሎግ ልዘጋ አልችልም ብዬ ስንት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ።

በገባንበት ዓመት ነሐሴ ላይ ምድር ቤት የሚኖሩ አንድ አባት አረፉ። እድር አልነበረንም። ለማቋቋም አራት ወር ተሰብስበን በመዋጮው መጠን ተጨቃጭቀን ነበር የተበተንነው። ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ጥሏል፤ ሰው ሲነጋ ለቅሶ ይመጣል፣ የት ነው የምናስቀምጠው? ከተሰበሰቡት ስምንት ወንዶች ስድስቱ ስልክ ይዘው ድንኳን የሚያከራይ ይፈልጋሉ። አዴ ወተት ይዘው ሲመጡ ጩኸቱን ሰሙ። ሃይላንዶቹን ደረጃው ላይ ደርድረው ምንም ሳይሉ ተመለሱ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የአህያ ጋሪ ጭቃውን እየቀዘፈ መጣ። ድንኳን፣ ቋሚ፣ አግዳሚ ወንበር፣ ከሥራቸው በቀይ ቀለም ምልክት የተደረገባቸው የቆርቆሮ ሳህኖች። ጋቢ የደረቡ አሥር ያህል ሰዎች ከኋላ። የእኛው ሊቀመንበር ከበሩ ፊት ለፊት፣ ሣሩ ላይ እንዲተከል ጠቆመ። አንድ ሽማግሌ ሣሩን በዱላቸው ወጉት፤ ዱላው እስከ ግማሹ ገባ። ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ብሎኩ ጀርባ ሄዱ፣ ያኔ ገና ኮብልስቶን ወዳልተነጠፈበት ማቆሚያ። ዱላውን ተከሉት። አልገባም። «እዚህ» አሉ።

አውድማ ነዋ። የበሬ ኮቴ ስንት ዘመን ያጠበቀው፣ በእበት የተለቀለቀ፣ ውሃ የማይተኛበት ከፍ ያለ ቦታ ነው። ምርት ለማዝራት ንፋስ ስለሚፈለግ ንፋስ ያለበትም ነው፤ ልብሳችን ሁልጊዜ በዚያ በኩል ተነጥቆ የሚሄደው ለካ ለዚህ ነው። ሦስት ቀን የተቀመጥንበት ድንኳን ሥር ጭቃ አልነበረም። ሰባት ማብራሪያ የጠየቀው የእድር መተዳደሪያ ደንባችን እስካሁን አልጸደቀም። ግማሻችን የእነ አዴ እድር አባል ነን፤ በወር አንዴ ግራሩ ሥር እንሰበሰባለን፤ ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን በሁለት ቋንቋ ያነባል። እኔ «አከም ቡልተን» እና «ገለቶማ» ከማለት ትንሽ አልፌአለሁ፣ ብዙ ግን አይደለም።

(ውሃ ላይ አልገባም። ከተማዋን ከሚያጠጡት ዋና ዋና ምንጮች አንዱ የአቃቂ ጉድጓዶች ሆነው፣ እኛ አፍንጫቸው ሥር ተቀምጠን በፈረቃ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስተን ጀሪካን እንሞላለን። ከዚህ በላይ ብናገር ቁጣዬ ጽሑፉን ይወስደዋል።)

ካዛንቺስ በ2017 ሲፈርስ የእናቴ ቤትም ሄደ። በቀደም ከጓደኛዬ ጋር በዚያ ሳልፍ «እዚህ ጋ አቁሚልኝ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ» አልኳት። ዞር ብላ አየችኝ። የቱ ወፍጮ ቤት?

ጥቅምት መጨረሻ ላይ አዴ ከወተቱ ጋር ሁለት ገጽ ደብዳቤ ይዘው መጡ። ማዶ ባለችው መሬት ዳር ላይ ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል ተተክሏል። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ ቡና አፈላሁ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ደብዳቤው መሬቱን «ክፍት ቦታ» ይለዋል።

«ክፍት ማለት ምንድነው?»

«ምንም ያልተሠራበት ማለት ነው፣ አዴ።»

«ሽምብራውስ?»

መልስ አልነበረኝም። ማስረጃ ይዘው እንዲቀርቡ የተባለበትን ቀን በእስክሪብቶ ከብቤ፣ የድሮ የግብር ደረሰኞቻቸውን በስልኬ ፎቶ አንስቼ፣ ከልጃቸው ጋር አብሬ እንደምሄድ ነገርኳቸው። ሄደን ነበር። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልን። ሰኞ እንሄዳለን።

ሽምብራው ግን በመስከረም ተዘርቷል፤ አሁን አብቧል፣ ትንንሽ ሐምራዊ አበባ ከችካሉ ግራና ቀኝ። ዛሬ ጠዋት ባዶውን ሃይላንድ ስመልስላቸው እሸት ሲደርስ እንድመጣ ነገሩኝ።

«ልጆቹን ይዘሽ ነይ፣ ኢንተለ ኮ። በአስፋልቱ እንዳትዞሪ ታዲያ፣ ይርቅሻል። በአውድማው ቁረጪ።»