ቤልጅጉ ይሸጥ ወይስ ይቀመጥ

ሰሞኑን አንድ ሐሳብ እያወጣሁ እያወረድኩ ነው። አንድ የእናቴ ዘመድ ቤልጅግ የምንለውን አሮጌ ጠመንጃ ሽጥልኝ ብሎ ይዞኛል። የሰጠኝ ዋጋ ደህና ነው፤ የእማዬን ቤት ክዳን አስቀይሮ ለአንድ ጊደር ይተርፋል። ቆርቆሮው ደግሞ በስቷል። ክረምት በመጣ ቁጥር ወለሉ ላይ ድስት መደርደር ሰልችቶናል።

እቤት ሦስት አሮጌ ጠመንጃ አለ። ቤልጅጉ የአባቴ ውርስ ነው። ውጅግራውንና ምንሽሩን የለቀምኳቸው እኔ ነኝ፤ ሁለቱም መተኮስ ካቆሙ ቆይተዋል።

ውጅግራ ፈረንሳዮች በእነሱ አቆጣጠር በ1874 ያወጡት ግራስ የሚባለው ጠመንጃ ነው። አንድ ጥይት ታጎርሳለህ፣ ትተኩሳለህ፣ ደግሞ ታጎርሳለህ። ባሩዱ ጥቁር ስለሆነ ጭሱ ተኳሹ የት እንዳለ ለአገር ይናገራል። በ1886 ፈረንሳይ ለበል የሚባለውን ስትይዝ ግራሱ ተራፊ ሆነ። ነጋዴ እየገዛ በቀይ ባሕር በኩል ወደኛ አመጣው። አድዋ ከዋሉት መሣሪያዎች አንዱ እሱ ነው። የእኔን የሸጠልኝ ሰውዬም «አድዋ የዋለ ነው» ብሎ ማለልኝ። ጎጃም ውስጥ አድዋ ያልዋለ ውጅግራ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ምንሽሩ አጭሩ የፈረሰኛ ነው። ሳንጃው ከአፈሙዙ ሥር ይታጠፋል። የተሠራው ጣሊያን አገር ብሬሻ ነው። ብረቱ ላይ 1937 የሚል አለ፣ አጠገቡ ደግሞ በሮማ ቁጥር 15። ፋሺስቶቹ ዘመን የሚቆጥሩት ሥልጣን ከያዙበት ከ1922 ጀምረው ነበር። ዓለም በእነሱ የጀመረች መስሏቸው! ይህ ብረት በተቀጠቀጠ በአራት ዓመቱ፣ በእኛ በ1933 ዓ.ም፣ ደብረ ማርቆስን ለቀው ሄዱ። በነገራችን ላይ፣ በቢቸና በኩል ጨዋታ ከተነሣ የሰው ሁሉ አያት ከበላይ ዘለቀ ጋር ሲዋጋ የነበረ ነው። የእኔ አያት ስንቅ አቀባይ ነበሩ። ሁሉም ከተኮሰ በሶውን ማን አደረሰላቸው?

ወደ ቤልጅጉ ልመለስ። ቤልጅየም ሊዬዥ አጠገብ ሄርስታል የተሠራ ማውዘር ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት መንግሥታችን ለሠራዊቱ ካስገባቸው አንዱ ነው። አምስት ጥይት ይጎርሳል። የአንበሳው ማኅተም ተፍቆ ተፍቆ ጅራቱ ብቻ ነው በደንብ የሚታየው። ሰደፉ ተሰንጥቆ በናስ ሽቦ ታስሯል። የውጭ አገር ሰብሳቢዎች እንዲህ ዓይነቱን አይወዱም። እነሱ የሚፈልጉት የየክፍሉ ቁጥር እርስ በርሱ የሚገጥም፣ እንጨቱ ያልተነካ ነው። እኔ ግን ከጠቅላላው ጠመንጃ የምወደው ሽቦውን ነው። አባቴ በጉጠት እየሳበ ሲጠመጥመው አጠገቡ ተቀምጬ አይቻለሁ። የድሮ ሰደፍ እያነጣችሁ ቫርኒሽ የምትቀቡ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉ።

ዘመዴ ሊያየው የመጣ ዕለት ጠላ ቀረበለት። ጠጣ፣ ተጫወተ። ጠመንጃውን አወጣሁለት። አንበሳውን አላየም። ሽቦውን አላየም። «ይተኩሳል?» አለኝ። ይተኩሳል አልኩት። «ጥይትስ አለው?» አለኝ። ሌላ ጥያቄ አልነበረውም። ውጅግራውን በነጻ ብሰጠው እንኳ የሚወስደው አይመስለኝም።

ያን ጊዜ ነው ሆዴ መባባት የጀመረው። እኔ ዘንድ ቤልጅጉ ዕቃ ነው። በበዓል ዋዜማ አውጥቼ ዘይት ቀብቼ እወለውለዋለሁ፣ መልሼ እሰቅለዋለሁ። ከእጄ የወጣ ቀን ግን እንደገና ጠመንጃ ይሆናል። ዛሬ ደግሞ ጎጃም ውስጥ የጠመንጃ ወሬ ቀላል ወሬ አይደለም። ሕጉም አለ፤ በ2012 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ያለ ፈቃድ መሸጥም መግዛትም ወንጀል ነው። ዘመዴ ይህን ስነግረው «በዘመድ መካከል ምን አዋጅ አለ» ብሎ ሳቀ።

እማዬ አትሽጠው ትለኛለች ብዬ ነበር። አባቴ የሞተ ዕለት ለቅሶው ላይ ቤልጅጉን ከኩታው ጋር ይዛ እየዞረች ያለቀሰችው እሷ ናት። ሰው ሁሉ ነው አብሯት የተንሰቀሰቀው። ስጠይቃት ግን ቡናውን እየቀዳች፣

«ሽጠው እንጂ» አለችኝ። «ብረት ነው። አባትህ አይደለም።»

ደነገጥኩ። ትንሽ ቆየችና፣

«ለሱ ግን እንዳትሰጠው። ከወንድሙ ጋር በድንበር ተጣልተዋል። ባለፈው ሽማግሌ ቢገባ እንኳ አልታረቁም» አለች።

የዚያን ያህል ሳምንት ስለ አንበሳ ማኅተምና ስለ ሽቦ ሳስብ፣ ስለ ዘመዴ ማሳ አንድም ሰው አልጠየቅኩም ነበር። እማዬ ከቤት ሳትወጣ የሁሉን ወሰን ታውቃለች።

ትናንት ደወልኩለት።

«አያ፣ ነገሩን አሰብኩበት፣ አይሆንም» አልኩት።

«ዋጋ አንሶህ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ለማን ልታወርሰው ነው? ያሉህ ሴቶች ልጆች።»

«ለእነሱ ነዋ» አልኩት። ስልኩን ዘጋው።

መኮረፉ አይቀርም። የፊታችን ማኅበር ላይ እንገናኛለን፣ ያኔ እናያለን። ክዳኑን በተመለከተ የዕቁባችንን ዳኛ ዕጣውን ቀደም አድርገህ ስጠኝ ብዬ ለምኜዋለሁ። አባላቱን ላነጋግር ብሎኛል።