ደም ያልነጠበበት ስባሪ

በአጥንት ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስትነት ሥራ በጀመርኩበት ዓመት፣ ከግንባታ መወጣጫ ላይ ወድቆ የቀኝ እጁን አንጓ የተጎዳ ወጣት ግንበኛ ወደ ተመላላሽ ክፍላችን መጣ። በወደቀ ዕለት የተነሣው ራጅ ስብራት ስላላሳየ «ወለምታ ነው» ተብሎ ተሸኝቷል። ከአውራ ጣት በኩል ያለችው ትንሿ አንጓ አጥንት፣ ስካፎይድ፣ ስትሰበር የመጀመሪያው ራጅ ሊስታት ስለሚችል ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ መደገም ነበረበት፤ የደገመለት ግን የለም። እኛ ዘንድ ሲደርስ ዓመት አልፎት፣ አጥንቷም ሳትገጥም ቀርታ ነበር።

ከዳሌው አጥንት ወስጄ ክፍተቱን ሞላሁና በብሎን አሰርኩት። የዳሌ አጥንት በቂና ጠንካራ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን የመረጥኩት እጄ ስለለመደው ነው። ከ6 ወር በኋላ የተነሣው ሲቲ ስካን ክፍተቱን እንዳለ አሳየ።

ፊልሙን ያሳየኋቸው አንጋፋ ባልደረባዬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «ቱርኒኬቱን፣ ደም የሚያግደውን ማሰሪያ፣ ፈትተህ ከላይኛው፣ በክንድ በኩል ካለው ስባሪ ደም ሲነጥብ አይተሃል?» የቀዶ ሕክምና ማስታወሻዬን ገልጬ አነበብኩ፤ ስለ ደሙ አንድም ቃል የለበትም። ስካፎይድ አብዛኛውን ደሟን የምታገኘው በጣቶች በኩል ካለው ጫፏ ሲሆን፣ ደሙም ወደ ክንድ በኩል ወደ ኋላ ይፈስሳል፤ ስለዚህ ስብራቱ ወደ ክንድ ሲቀርብ የላይኛው ስባሪ ሊደርቅ ይችላል። ከዳሌ የተወሰደ አጥንት ደግሞ የራሱን የደም ሥር ይዞ ስለማይመጣ የሚኖረው የተተከለበት ቦታ ከመገበው ብቻ ነው። እኔ በደረቅ መሬት ላይ ነበር የተከልኩት።

ለሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ሁለት መንገድ ቀረበልን። አንደኛው የእጅ ቀዶ ሐኪሙ ዛይደምበርግና ባልደረቦቹ በ1991 እ.ኤ.አ. እንዳቀረቡት፣ ከክንድ አጥንት ጀርባ ተቆርጦ ከነደም ሥሩ ወደ ስብራቱ የሚዞር የአጥንት ቁራጭ ነው። ሁለተኛው ከጉልበት ውስጠኛ ጎን የሚወሰድ ሲሆን፣ የደም ሥሩ በማይክሮስኮፕ ስለሚሰፋ ሥራው ረጅም ነው፤ ስካፎይድ ጎብጣ ቢሆን ኖሮ ቀና አድርጎ የሚደግፋት እሱ በሆነ ነበር። የእርሱ አልጎበጠችምና የመጀመሪያውን መረጥን።

ፈቃዱን ስጠይቅ ደሙን እንዳላረጋገጥኩ ሳልሸሽግ ነገርኩት። ዝም ብሎ አዳመጠኝና፣ «ዶክተር፣ እኔን እስካሁን የሚያመኝ ዳሌዬ ነው፤ ደግሞ ከዚያ ልትቆርጡ ነው?» አለኝ።

ከ4 ወር በኋላ አጥንቷ መግጠሟን በሲቲ ስካን አየን፤ ወደ ግንባታ ሥራውም ተመለሰ። ለክትትል ሲመጣ ግን ደረጃውን የሚወጣው ዳሌውን በእጁ ደግፎ ነበር።